በድንጋይ ላይ የሚኖር ሕይወት፤ የላሊበላ ግድግዳዎችና የጥገናቸው ታሪክ

የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ለተመለከተ ሰው፣ ከመስቀሉ ቅርጽ ቀጥሎ ጎልቶ የሚታየው ቀለሙ ነው። ድንጋዩ በተፈጥሮው ቀላ ያለ ሆኖ ሳለ ጣሪያውና የግድግዳዎቹ የላይኛው ክፍል ቢጫና ግራጫ ለብሰው ይታያሉ፤ ጥላ በበዛበት በኩል ደግሞ አረንጓዴና ጥቁር ይታከልበታል። ጎብኚው ይህን የዕድሜ ማዕረግ አድርጎ ያደንቀዋል። ለጥገና የተላከው ባለሙያ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ እድፍ ቆጥሮ ብሩሽ ያዝበታል። ሁለቱም የሚያዩት የድንጋዩን ቀለም አይደለም። በድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ከዝናብ የሚጠጣ፣ ከፀሐይ የሚመገብ ሕይወት ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ላሊበላን አይቶ ከጻፈ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ንጉሡ፣ ስለ ጠራቢዎቹና ስለ አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ቅርጽ ብዙ ተብሏል። ስለዚህ ስስ ሽፋን የተባለው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በላሊበላ ግድግዳዎች ላይ የተፈጸመው ጥገና፣ በግልጽም ይሁን በስውር፣ ከዚህ ሽፋንና ሽፋኑን ከሚያበቅለው ውሃ ጋር የተደረገ ትግል ነበር ለማለት ይቻላል። ሽፋኑን እንደ ጠላት ብቻ መመልከት ለሕንጻዎቹ ከሽፋኑ ከራሱ የከፋ ጉዳት እንዳመጣ የጥገናው ታሪክ ያስረዳል። ይህንንም በመጀመሪያ ከሳይንሱ፣ ቀጥሎም ከሥራው አንጻር እንመለከታለን።

ቢጫውንና ግራጫውን ቅርፊት የሚሠሩት ላይከን የሚባሉት ናቸው። ላይከን ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ተክል ሲቆጠር ኖሮ፣ በ1867 ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሲሞን ሽቬንደነር አንድ ፍጡር ሳይሆን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ማኅበር መሆኑን ገለጸ። የዘመኑ የላይከን ሊቃውንት በዚህ አሳብ ክፉኛ ተቆጡ፤ በፓሪስ ይኖር የነበረው ፊንላንዳዊው ኒላንደር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ አልተቀበለውም። ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት ፍጡር በአንድ ቀን ሁለት ሲሆንባቸው መቆጣታቸው አያስገርምም። ይሁን እንጂ ሽቬንደነር ትክክል ነበር። ፈንገሱ ጎጆውን ይሠራል፣ ውሃና ማዕድን ይይዛል፤ አልጌው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል። ጀርመናዊው ዴ ባሪ በ1879 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለውን አብሮ መኖር ሲምባዮሲስ በሚል ቃል አስታወቀው፤ ቃሉም ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተለመደ።

ከላይከን ሌላ በጥንታዊ ግድግዳ ላይ የሚኖሩት ብዙዎች ናቸው። ነጻ ሆነው የሚኖሩ አልጌዎች፣ ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉት ከብርሃን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች፣ ጥቁር ፈንገሶች፣ አፈር በተጠራቀመበት ስንጥቅ ውስጥም ሳረንስት የሚባለው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ይገኛሉ። በዓይን የማይታዩትም ቢሆኑ ሥራ ፈት አይደሉም። ፈረንሳዊው አሺል ሙንትስ በ1890 ከተራራ ላይ ከወሰዳቸው የበሰበሱ ድንጋዮች ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትሪክ አሲድ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ማግኘቱን አስታውቆ ነበር። ድንጋይ የሚፈርሰው በነፋስ፣ በውርጭና በዝናብ ብቻ ነው የሚለው እምነት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተናግቷል።

ነገር ግን ስለ ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ቀደም ብሎ የተገኘ አንድ ነገር ነው። የኬሚስትሪው ሊቅ ዩስቱስ ሊቢግ በ1853 በአቴና ከሚገኘው ከፓርተኖን እብነ በረድ ላይ የተወሰደ ቅርፊት መርምሮ ካልሲየም ኦክሳሌት ሆኖ አገኘው። ለሊቁ ለፍሪድሪሽ ቲርሽ መታሰቢያ ቲርሺት ብሎ ሰየመው፤ ምንጩም ላይከን ነው አለ። የላይከን ፈንገስ ኦክሳሊክ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ ከድንጋዩ ካልሲየሙን ይስባል፤ ሁለቱ ተዋሕደው በውሃ የማይሟሟ ቅርፊት ይሆናሉ። እንግዲህ ድንጋዩን የነከሰው ፍጡር እዚያው ላይ ጋሻ ሠራለት ማለት ነው። በግሪክና በሮም ሕንጻዎች ላይ ይህ ቅርፊት በቀረበት ቦታ የጥንቱ ጠራቢ የመሮ ምልክት እስካሁን ይነበባል፤ ቅርፊቱ በተፋቀበት ቦታ ግን እብነ በረዱ እንደ ስኳር ፈርሷል። ቅርፊቱ ሁሉ ከላይከን የመጣ ነው ወይስ የቀድሞ ሰዎች ከቀቡት ዘይትና ሙጫ በሚለው ላይ የተነሣው ክርክር እጅግ ከመራዘሙ የተነሣ በ1989 በሚላኖ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ጉባኤ ተደርጎበታል። በጸሐፊው አስተያየት ክርክሩ አሸናፊ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም በተለያየ ቦታ እውነት ሊሆኑ ይችላሉና።

የላሊበላ ድንጋይ እብነ በረድ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት የባዛልት ዘር ነው፤ የመንገድ ሥራ ባልደረቦቻችን ቀይ አሽ እያሉ ከሚያነጥፉት ጋር ዝምድና አለው። ቀዳዳዎቹ በኋላ ዘመን በካልሳይት፣ በዜኦላይትና ሸክላ በመሰሉ ማዕድናት ስለተሞሉ ድንጋዩ ለመሮ የሚታዘዝ ሆነ። የጠራቢዎቹን ሥራ ያቀለለው ይኸው ጠባይ የዛሬውም ችግር ምንጭ ነው። ሸክላ መሰሎቹ ማዕድናት ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይኮማተራሉ። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገኝ ቦታ፣ ክረምት በኃይል ዘንቦ በጋው ፈጽሞ በሚደርቅበት አገር፣ ይህ ማበጥና መኮማተር በየዓመቱ ሲመላለስ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። ከዚህም በላይ ሕንጻው ከአለቱ ስላልተለየ የምንጠቀምበት መሠረት፣ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት የሚያግድ ንጣፍም ሆነ ከግድግዳው ወጣ ያለ የቆርቆሮ ክፈፍ የለውም። ጠራቢዎቹ ውሃውን ዘንግተውት አልነበረም፤ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ የውሃ መውረጃ አፎች ተጠርበውለታል። ይሁን እንጂ ውሃ ሁልጊዜ በተሰጠው አፍ ብቻ አይወርድም።

ላይከኑ ለመሐንዲስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በድንጋይ ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሕይወት በዘፈቀደ አይሰፍርም። እያንዳንዱ ወገን የሚስማማውን የውሃና የብርሃን ልክ ስለሚመርጥ፣ ግድግዳው ማንበብ ለሚችል ሰው የእርጥበት ካርታ ሆኖ ይታያል። ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ጥቁር መስመር፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃ የሚንቆረቆርበትንና ወዲያው የሚደርቅበትን መንገድ ያመለክታል፤ እዚያ የሚኖሩት ሳይኖባክቴሪያዎችና ጥቁር ፈንገሶች ናቸው። አረንጓዴው የአልጌና የሳረንስት ቦታ እርጥበቱ ለብዙ ቀናት የማይለቅበት ነው፤ በግድግዳ ግርጌ ከታየ ውሃው ከሥር እየወጣ ወይም በግቢው ወለል ላይ ተኝቶ እንደሆነ መመርመር ያሻል። ቢጫና ግራጫ ላይከን ፀሐይና አየር የሚያገኘውን፣ ርሶ በቶሎ የሚደርቀውን ድንጋይ ይወዳል። ብርቱካንማው ደግሞ ወፎች ከሚያርፉበት ጠርዝ ሥር ይበዛል፤ ከኩሳቸው የሚያገኘው ናይትሮጅን ይስማማዋልና።

ከሁሉ ይልቅ መታየት ያለበት ግን ምንም ያልበቀለበት ቦታ ነው። ንጹሕ ቀይ ሆኖ የሚታየውን የግድግዳ ክፍል ብዙዎች ጤነኛው እርሱ ነው ብለው ያልፉታል። ዝናብ የማይነካው ከሆነ ወይም የምእመናን እጅና ትከሻ ዘወትር የሚያሸው ከሆነ እርግጥ ነው። ነገር ግን ዝናብ እያገኘና ማንም ሳይነካው ባዶ ከሆነ፣ ድንጋዩ ሕይወት ሊሰፍርበት ከሚችልበት ፍጥነት በላይ እየተላጠ ነው ማለት ነው። ቅርፊት መሰል ላይከን በአብዛኛው በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ስለሚያድግ፣ በየጥቂት ዓመቱ ቆዳውን በሚጥል ድንጋይ ላይ ቤት ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ላይከኑ በጸና ቦታ ቢያንስ የድንጋዩ ፊት ለአሠርት ዓመታት ሳይወድቅ መቆየቱን ይመሰክራል። ይህ ሲባል ላይከን ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። የፈንገሱ ክሮች በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲርሱ አብጠው ሲደርቁ ተኮማትረው ቅንጣቶቹን ያላቅቃሉ። የሚያደርሰው ጉዳትና የሚሰጠው ከለላ በሚዛን መታየት አለበት ማለት ነው እንጂ።

እንዲህ ያለው ሚዛን በላሊበላ ጥገና ታሪክ ውስጥ ሳይታሰብ ብዙ ጊዜ አልፏል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት በተደረገ ጥገና የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ውጫዊ ፊት ሬንጅ ተቀብቶ በላዩ ላይ ቀይ ቀለም ተደርጎበት ነበር። የአሠሪዎቹን አሳብ ለመረዳት አያዳግትም። ሬንጁ ውሃውን ይከላከላል፤ ቀዩ ቀለም ደግሞ ሬንጁን ይሸፍናል፣ ሽበቱንም ያጠፋል። ለአንድ ክረምት ሕንጻው አዲስ መስሎ ሳይታይ አልቀረም። ነገር ግን ከአለቱ ያልተለየ ሕንጻ ውሃ የሚያገኘው ከላይ ብቻ ስላልሆነ፣ ከሥርና ከስንጥቅ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ ከሬንጁ ጀርባ ታሰረ። የታሰረ እርጥበት ሸክላ መሰሉን ማዕድን ያሳብጣል፤ ከዚያም ሬንጁ ሲነሣ ብቻውን አይነሣም፣ የጠራቢውን ሥራ ይዞ ይወርዳል።

በ1965 በአሜሪካ የተመሠረተውና ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ተብሎ የሚጠራው ድርጅት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱን በላሊበላ ሲጀምር፣ ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ካከናወናቸው ተግባሮች ዋነኛው ይህን ሬንጅና ቀይ ቀለም ማስወገድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገንዘብና በድካም የተቀባውን በሌላ ገንዘብና ድካም መፋቅ ማለት ነው። ድንጋዩ እንደገና መተንፈስ ቻለ፤ ላይከኑም ቀስ በቀስ ተመለሰ። መመለሱን እንደ ሽንፈት የቈጠሩት አልጠፉም። ይህ ጸሐፊ ግን ግድግዳው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ለመመለሱ ምልክት አድርጎ ያየዋል።

ይህ ዓይነቱ ጉዳይ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በኢንዶኔዢያ የሚገኘው የቦሮቡዱር ቤተ መቅደስ እንደ ላሊበላ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ሆላንዳዊው መኮንን ቴዎዶር ቫን ኤርፕ ከ1907 እስከ 1911 ካደሰው በኋላ ቅርጾቹ በፎቶግራፍ ጎልተው እንዲታዩ ቢጫ አፈር ቀለም ተቀብተው ነበር። ውሃው ግን ከኮረብታው ውስጥ በቅርጾቹ በኩል መውጣቱን አልተወም፤ አልጌውና ላይከኑም በዝቶ ተገኘ። በ1970ዎቹ ዩኔስኮና የኢንዶኔዢያ መንግሥት የጀመሩት ታላቅ ሥራ ሌላ መንገድ ያዘ። የታችኞቹን እርከኖች ድንጋይ በድንጋይ አፍርሰው፣ ከበስተኋላ የውሃ ማገጃና የመውረጃ ቦይ ሠርተው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ቦታው መለሱ። ሥራው ተፈጽሞ በ1983 ተመረቀ። ድንጋዩ በኬሚካል መጽዳቱ አልቀረም፤ ይሁንና ሥራውን ያጸናው የውሃው መንገድ መለወጡ ነው።

በካምቦዲያ የተደረገው ለየት ይላል። ከ1986 እስከ 1993 የሕንድ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ጦርነቱ ገና ባልበረደበት አገር የአንኮር ዋትን ግድግዳዎች ከሳረንስትና ከላይከን ለማጽዳት አሞኒያና ብሩሽ ይዘው ደከሙ፤ በኋላም ገዳይ መድኃኒት ረጩ። ሌላው ዓለም ፊቱን ባዞረበት ሰዓት መምጣታቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሌሎች ዘግይተው መጥተው የነቀፏቸውን ሁሉ ያህል ነቀፋ የሚገባቸው አይመስለኝም። ነገር ግን የአሸዋ ድንጋዩ ውኃ የሚያገኝበት መንገድ እንደነበረ ስለቀረ፣ ላይከኑ በተፋቀበት ብዙ ቦታ ቀድሞ የደረሰው ጥቁሩ የሳይኖባክቴሪያ ሽፋን ሆነ። ጥቁር ፊት ከግራጫው ይልቅ የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ ድንጋዩ ቀን ይበልጥ ይግላል።

ሥዕል ካለበት ዋሻ ደግሞ የፈረንሳዩ ላስኮ ይጠቀሳል። በ1940 ተገኝቶ በ1948 ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ በጎብኚዎቹ እስትንፋስና በመብራቱ ምክንያት አረንጓዴ አልጌ ስለወረሰው በ1963 ተዘጋ። መድኃኒት ተረጨበት፤ ጸዳም። በ2001 ግን ነጭ ፈንገስ፣ ከዚያም ጥቁር ነጥቦች መጡበት።

ወደ ላሊበላ እንመለስ። የአንጀሊኒ ሥራ የድንጋዩን ፊት ነጻ ቢያወጣም ክረምቱን አላስቀረም። በኋላ ዘመን በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በእንጨትና በቆርቆሮ ጊዜያዊ መጠለያ ተሠራ። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራት ታላላቅ መጠለያዎች ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምንና ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ሸፈኑ። ቤተ ጊዮርጊስ ሳይሸፈን ቀረ። መጠለያዎቹ ጊዜያዊ ተብለው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከባድ ምሰሶዎቻቸው በአለቱ ላይ ስለሚያርፉና ነፋስ ይጥላቸዋል ተብሎ ስለተፈራ ሕዝቡ ሥጋት አደረበት፤ በ2018 የላሊበላ ነዋሪዎች እንዲነሡላቸው ለመጠየቅ አደባባይ ወጡ። ክርክሩ በአመዛኙ ስለ ብረቱ ክብደትና ስለ መልኩ ሆኖ ቆየ። ከብረቱ ሥር ስላለው ሕይወት የተነሣው ጥያቄ ጥቂት ነው።

ላይከን ሥር የለውም። የሚጠጣው ከዝናብ፣ ከጤዛና ከጭጋግ ነው። ዝናቡ ሲከለከል ቀለሙን ያጣል፣ ይደርቃል፣ ይሞታል። ሲሞትም ዝም ብሎ አይረግፍም፤ ክሮቹ የጨበጡትን ቅንጣት ይዞ ይላቀቃል። ዝናብ ያጥበው የነበረ አቧራና ጨውም እዚያው ይቀራል። ይህ ሁሉ ከዝናብ ጉዳት ጋር ሲመዘን ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ መጠለያ መሥራት ስሕተት ነበር ለማለት አልተነሣንም። አስጊው ነገር መጠለያው የሚነሣበት ወይም በሌላ የሚተካበት ቀን ነው። ከ2008 ወዲህ ክረምት ሳያይ የኖረ፣ አሮጌ ቆዳውን ያጣ፣ አዲስ ያላበጀ ድንጋይ በአንድ ሐምሌ ሙሉ ዝናብ ቢወርድበት የሚደርስበትን ጉዳት፣ ሸክላ መሰል ማዕድን ያለበትን አፈር የሚያውቅ የመሠረት መሐንዲስ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። ስለሆነም የማንሻው ሥራ የክሬንና የብሎን ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታቀድ የለበትም። በበጋ መጀመር፣ በክፍል በክፍል መከናወን፣ የተገለጠው ክፍልም ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት በቅርብ እየታየ መቆየት ይገባዋል።

በዚህ ረገድ ላሊበላ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕድል ይዛለች። ኦስትሪያዊው ሮላንድ ቤሸል በ1950 የላይከንን ስፋት በመለካት ድንጋይ ለስንት ዘመን ተገልጦ እንደኖረ ማወቅ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ለዚህም ዕድሜው የታወቀ አንድ ፊት ያስፈልጋል። ሬንጁ በተፋቀበት ግድግዳ ላይ ያለው ትልቁ ላይከን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ሊቀድም አይችልም። ከመጠለያው ሥር ያለው ደግሞ ማደጉን ያቆመው በ2008 ገደማ ነው። መነሻውና መድረሻው የታወቀ የአርባ ዓመት ዕድገት ማለት ነው፤ ይህን የለካ ሰው ባልተሸፈነው በቤተ ጊዮርጊስ ላይ የትኛው ፊት ከመቶ ዓመት በፊት እንደነበረ፣ የትኛውስ በቅርብ ጊዜ እንደተላጠ ለመናገር ይችላል። ራፍሬ በ1882 ያሳተማቸው ሥዕሎች ለዚህ አይረዱም፤ ቅርጹን እንጂ የድንጋዩን ቆዳ አልመዘገቡም። ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በ1940 በሮም ያሳተመውና ከዚያ በኋላ የተነሡት ፎቶግራፎች ግን ከዛሬው ፊት ጋር ጎን ለጎን ሊተያዩ ይገባል።

ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው። የሚሊሜትር መለኪያ፣ የቀለም ማመሳከሪያ ካርድና ሁልጊዜ ከአንድ ነጥብ የሚያነሣ ካሜራ ይበቃል፤ ከካህናቱ መልካም ፈቃድ ማግኘት ግን ከሁሉ ይቀድማል። ብሩሽ አያስፈልግም። ፎቶግራፉም መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ፈጽሞ ሳያቆም ቢነሣ ይመረጣል፤ በጥር የደረቀ ላይከን ቀለሙ ደብዝዞ ከድንጋዩ ለመለየት ያስቸግራልና።